ማህፀኔን የወሰደው መርፌ አይደለም

ባሌ መጀመሪያ የመታኝ አንሶላው ላይ ደም ያየ ቀን ነው። የወር አበባዬ ካለፈ ሳምንት ሆኖት ነበር። አብረን ተኝተን ተነሣን፤ አንሶላውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«ይሄ የምንድነው?»

«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነበር። አፌን በቡጢ አለኝ። ጥርሴ ከንፈሬን በሳውና አንሶላው ላይ ሁለት ዓይነት ደም ሆነ።

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ሴት ልጅ፣ እህት፣ የእህት ልጅ ያላችሁ እንድታነቡት ነው። ደስ የማይል ነገር አለበት፤ እኔም አልቀባባውም።

የተወለድኩት ከጂንካ በእግር አንድ ሰዓት የማይሞላ የአሪ ቀበሌ ነው። አባታችን ቶሎ ሞተ። ከእናታችን ጋር ሆኖ ያሳደገን ትልቁ ወንድሜ ዳዊት ነው። እሱ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ሞፈር ጨበጠ፤ እኔ እስከ አሥረኛ ተማርኩ። ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር በአሥራ ሰባት ዓመቴ ለመስፍን ዳረኝ። መስፍን ፍየል ነጋዴ ነው፤ ዲመካ ገበያ ገዝቶ ጂንካ አምጥቶ ይሸጣል። «ሠራተኛ ነው፣ አይጠጣም» አለኝ ዳዊት። ልክ ነው፤ አይጠጣም። ዲመካ ሲሄድ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል። ማን ጋ እንደሚያድር አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። እሱ ግን ጠየቀኝ፤ በዱላ ጠየቀኝ።

ደሙ በወር አንዴ ከመሆን አልፎ አብረን በተኛን ቁጥር ሆነ። ቀጥሎ የሚሸት ፈሳሽ መጣ። ወገቤ ይቆረጣል። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አንዴ አስወርዶኝ ከዚያ ወዲያ አላረገዝኩም። ጂንካ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ኢንፌክሽን ነው» አለና መርፌ አዘዘልኝ። «ባልሽም መታከም አለበት፤ ንገሪው።»

እኔም ጅሏ ነገርኩት። እራት እየበላ ነበር።

«እኔ ምን ሆኜ ነው የምታከመው?»

«አላውቅም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል አለ ሐኪሙ።»

«ከማን አምጥተሽ ነው ወደኔ የሚሄደው?»

የፍየል መንጃ ዱላውን ከበሩ ጀርባ አነሣ። ፊቴን ልከልል እጄን ሳነሣ ትንሿን ጣቴን ሰበራት። እስከ ዛሬ አትታጠፍም።

መርፌውን ጨረስኩ፤ አልዳንኩም። ተመለስኩ፤ ሌላ መርፌ። እንደገና ተመለስኩ፤ ሌላ ኪኒንና ሌላ መርፌ። በአራት ወር አሥራ አንድ ጊዜ ተወጋሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ልብሴን አውልቄ አልታየሁም። ከዚያ አንዲት አሮጊት ሥር ቀጥቅጠው በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝና «ውስጥ አድርገሽ እደሪበት» አሉኝ። ፍም የከተቱብኝ መሰለኝ። ስጮህ መስፍን «የሠራሽውን ታውቂዋለሽ» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ቤተ ክርስቲያን ሦስት ቀን ጾም ተያዘልኝ። በጸሎቱ አልቀልድም፤ እዚያ እጃቸውን ሲጭኑብኝ ብቻ ነው በዚያ ዓመት ሰው ሳይመታኝ የነካኝ። ደሙ ግን አልቆመም።

የወደቅኩት ቅዳሜ ገበያ መሃል ነው። የበቆሎ ዋጋ እየተከራከርኩ ሳለ በጭኔ መሃል አንድ የሞቀ ነገር ወረደ። ጫማዬን ሞላው። በቆሎው ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ወጣት «ኧረ ሴትየዋ ተወጋች!» ብሎ ሲጮህ ወንዱ ሁሉ ሊያይ ከበበኝ። አጠገቤ ማር የምትሸጥ የበና ሴት ነበረች። አማርኛ አትችልም፤ እኔም ቋንቋዋን አልችልም። ተነሥታ አንዱን ወንድ ደረቱን ገፍታ ወረወረችው። ሌላውን በማር ቅሏ አናቱን አለችው። ከዚያ የመጠጥ ውሃዋን እግሬ ላይ አፍስሳ ደሙን በእጇ አጠበችልኝ። ስሟን አላውቅም። እስከ ዛሬ ማር ስገዛ መጀመሪያ የማየው የሻጮቹን ፊት ነው።

ባጃጅ ውስጥ ከትተው ሆስፒታል አደረሱኝ። እዚያ ያገኘኋት ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ ናት፤ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው።

«ማህፀንሽ ታይቶ ያውቃል?»

«አሥራ አንድ መርፌ ተወግቻለሁ።»

«መርፌውን አልጠየቅኩሽም። ጎንበስ ብሎ ያየሽ ሰው አለ ወይ?»

«የለም።»

«በጨለማ ነው ያከሙሽ በይኛ! ነይ ውጪ አልጋው ላይ። አትፈሪ፤ የማላየው ነገር የለሽም።»

ውስጥ ኮምጣጤ የመሰለ ነገር ቀባችና ቆየች። ጤነኛ ሥጋ ባለበት ይቀራል፤ የታመመው ነጭ ይሆናል። የኔ ነጭ ብቻ አልነበረም፤ ሲነካ ይደማ ነበር። ያቺ ምላስ ዝም ስትል ነው የፈራሁት።

«የማህፀን በር ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» አለችኝ በመጨረሻ። የማህፀን በር ማለት የማህፀን አንገቱ ነው፤ ልጅ የሚወጣበት። ናሙና ተቆርጦ ሐዋሳ ተልኮ አረጋገጡት። የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ወንድና ሴት ሲተኙ ይተላለፋል። ብዙ ሰው ይይዘዋል፤ ብዙው ላይ ራሱ ይጠፋል። አንዳንዷ ላይ ግን ተደብቆ ዓመታት ይቀመጥና ካንሰር ይሆናል።

«ከማን ያዘኝ?» አልኳት።

«ከስንት ወንድ ጋር ተኝተሻል?»

«ከባሌ ጋር ብቻ።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ወረቀቱን ለመስፍን አነበብኩለት፤ በማግስቱ ዲመካ ሄደ። አልተመለሰም። ሹፌር ልኮ «የሞተች ሚስት አልቀብርም» አለኝ። እኔ ግን ገና አልሞትኩም ነበር።

ዳዊት ሁለት በሬዎች ነበሩት፤ አንዱን ሸጦ ሐዋሳ ወሰደኝ። ምን እንዳመመኝ ሲጠይቀኝ «ሆዴ ውስጥ ዕጢ አለ» አልኩት። ከዚያ በታች ያለውን ለወንድም እንዴት ይነግሩታል? እሱም ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። የዚያችን «ዕጢ» የምትል ቃል ዕዳ ነው እስከ ዛሬ የምከፍለው።

ሐዋሳ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተራ እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ተቀመጥኩበት። አጠገቤ አንዲት የአርቦሬ ሴት ነበረች፤ የልጇ ባል ይተረጉምላታል። ሽታዋ ከባድ ነው። ሰዎች አንድ በአንድ እየተነሡ ራቁ። እኔም ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ተነሣሁ። ማታ የራሴን ልብስ ሳወልቅ ያው ሽታ መጣ፤ የሷ አይደለም፤ የኔ ነው። በነጋታው ሄጄ ጎኗ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘችኝና አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?» አልኩት አማቿን።

«ልጅ ነሽ፤ ቶሎ መጥተሻል ትላለች።»

እሷ ዘግይታ ነው የመጣችው። በሰባተኛው ቀን ወንበሩ ላይ ሳለች ደሟ ፈነዳ። ወለሉ በሁለት ባልዲ ውሃ አልጠራም። ሲወስዷት አማቿ ግድግዳውን በግንባሩ ይመታ ነበር፤ ሰዎች ይዘው አስጣሉት። እኔ ያን ቀን ነው የቀዶ ጥገናውን ቢላ መፍራት የተውኩት።

ማህፀኔን አወጡት። ሐኪሙ ወደ ሌላ ቦታ ሳይሄድ ደርሰንበታል አለኝ። ስነቃ ዳዊት ሾርባ ይዞ ቆሟል፤ ሌሊቱን ግቢ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ነበር ያደረው። እናቴም መጥታለች።

«ዕጢ ብለሽኝ አልነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ማህፀን ለምን አወጡ?»

አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «እነዚያ የክሊኒክ መርፌዎች ናቸው! አሥራ አንድ ወግተው ማህፀኗን አቃጠሉት!»

እናቴን አየኋት። በዓይኗ ለመነችኝ። በኛ አገር በሽታው ከመተኛት ነው ከተባለ «ከባሏ ነው» የሚል የለም፤ «ከሷ ነው» ነው። እኔም ደክሞኛል፤ ሆዴ ተሰፍቷል፤ ዝም አልኩ። ዳዊት ሾርባውን መሬት ላይ አስቀምጦ አለቀሰ። «የወጋሽን ሰው እገድለዋለሁ» አለ።

በዝምታዬ ባበቃ ደግ ነበር። ስመለስ እሑድ ቤተ ክርስቲያን «ምስክርነት ያላችሁ» ተባለ። በኛ ቤተ ክርስቲያን ከሞት የተረፈ ሰው ቆሞ ይመሰክራል፤ ካልመሰከረ የተደረገለትን እንደዋጠ ይቆጠራል። ማይኩን ጨበጥኩና «መርፌ ማህፀኔን አቃጠለው፤ ጌታ ግን ነፍሴን አተረፈ» አልኩ። ሃሌሉያው ቆርቆሮውን አነቃነቀው። ሴቶች አቅፈውኝ አለቀሱ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ሴትነቴን የሚጠይቅ ጠፋ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ታናሽ እህታችን ምሕረት አሥራ አራት ሞላት። ትምህርት ቤቷ የኤችፒቪ ክትባት ሊሰጥ ነው ተባለ፤ ያንኑ ቫይረስ ሳይገባ በፊት የሚከላከል። ሰዉ ግን ይህን ረጅም ስም ትቶ «የማህፀን መርፌ» አለው። በአንድ ቀን ቀበሌው ተሸበረ።

ምሕረት ማታ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«እታለም፣ እኔም እንዳንቺ ልሆን ነው?»

«ማን አለሽ?»

«አንቺ ነሽ ያልሽው። ቤተ ክርስቲያን።»

እንዲህ ያለ ጥፊ መስፍንም መትቶኝ አያውቅም። «ነገ ግቢና ተወጊ፤ ቀሪውን እኔ እነግርሻለሁ» አልኳት። ለዳዊት ግን አልነገርኩትም። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ነገው በጩኸት መጣ። የትምህርት ቤቱ አጥር ከቤቴ ይታያል። ደርሼ ስገባ ዳዊትና አራት ወንዶች ዱላ ይዘው ሴቶቹ የተሰለፉበት ዛፍ ሥር ገብተዋል። ልጃገረዶቹ አጥር እየዘለሉ ይሮጣሉ፤ አንዷ ሽቦው ላይ ቀሚሷ ተይዞ ተንጠልጥላ ትጮሃለች። አንድ አስተማሪ አፍንጫው እየደማ መሬት ላይ ተቀምጧል። ዳዊት የመድኃኒቱን የበረዶ ሣጥን አንሥቶ ወረወረው። ሣጥኑ የክትባት ሠራተኛዋን ግንባር መታ። ዘወር ስትል አየኋት፤ ሲስተር አልማዝ ናት። ለዘመቻው ከሆስፒታል ተልካ ነው። ደሙ በቅንድቧ ወርዶ ዓይኗን ሸፈነው፤ እሷ ግን ተንበርክካ አቧራ ውስጥ ብልቃጥ ትለቅማለች።

ዳዊት ምሕረትን በክንዷ ይጎትታል። ፊቱ ቆምኩ።

«ልቀቃት!»

«ዞር በይ! አንቺን የበላ መርፌ እሷን አይበላትም!»

«መርፌ አይደለም የበላኝ! ካንሰር ነው!»

«ምን?»

«ዋሽቼህ ነው! እማም ዋሽታለች! ካንሰር ነው፤ ከመስፍን ነው የያዘኝ፤ አብሬው ተኝቼ!»

«ዝም በይ! ሕፃናት አሉ!»

«አልልም! ይቺ መርፌ በአሥራ አራት ዓመቴ ብትኖር አልታመምም ነበር! ያቺ የመታሃት ሴት ናት ያተረፈችኝ!»

በዱላው መታኝ። ትከሻዬን። ዳዊት በሕይወቱ መትቶኝ አያውቅም። ሁለተኛውን ሲያነሣ ሸሚዜን ወደ ላይ ገልብጬ ከእምብርቴ በታች የወረደውን ጠባሳ አሳየሁት። «ይሄን መርፌ ይሠራዋል? እስቲ እይ! ቢላ ነው!»

ዱላው አየር ላይ ቀረ። ግን አላመነኝም። ማንም አላመነኝም። ጋሽ በቀለ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መጥተው ነበር፤ ሸሚዜን አስወረዱኝና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ በጌታ ፊት ቆመሽ መርፌ ነው ብለሻል። ዛሬ ተናደሽ ሌላ ትያለሽ። የትኛውን እንያዝ?»

ዳዊት ምሕረትን እየጎተተ ሄደ። የተሰበረው ብልቃጥ ተጠርጎ ሌላው ተወሰደ። ሲስተር አልማዝ ግንባሯን በፎጣ ይዛ መኪና ስትገባ «ሰኞ ጤና ኬላ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ቀበሌያችሁን ጨርሻለሁ» አለችኝ። «አፍሽ የዘጋውን አፍሽ ይክፈተው።»

እሑድ ምስክርነት ሲባል ተነሣሁ። መሪው ማይኩን ወደ ኋላ ደበቀ። ያለ ማይክ ተናገርኩ፤ ድምፄ ለዚያ ቤት ይበቃል።

«እዚህ ቆሜ ዋሽቻለሁ። አፍሬ ነው። ያመመኝ የማህፀን በር ካንሰር ነው። ከባል የሚመጣ፤ ከአንድ ባል የሚመጣ ነው። ማህፀኔን መርፌ አልነካውም።»

«ልጆች አሉ!» አለ አንድ ሰው።

«ለልጆቹ ነው የምናገረው! አንተ አልፎሃል፣ ቁጭ በል!»

አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ «አውጧት» አለ። አንዲት ሴት ሻርፔን ከኋላ ስባ አነቀችኝ፤ በክርኔ መታኋት። ይቅር ይበለኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በዚህ መሃል እናቴ ተነሣች። እናቴ አማርኛዋ ለገበያ ነው፤ ልቧ የሚናገረው በአሪኛ ነው። በአሪኛ አለች፦ «ውሸቱን የወለድኩት እኔ ነኝ። ልጄን ስለ ጠባሳዋ ዋሺ ያልኳት እኔ ነኝ። መምታት ከፈለጋችሁ እኔ እዚህ አለሁ።» ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ዳዊት ተነሥቶ ወጣ። ተከተልኩት። ቤቱ ስደርስ ቀንበሩን ግቢ መሃል ጥሎ በመጥረቢያ ይፈልጠዋል። ለኔ ሲል በሬውን ከሸጠ ወዲህ ጥንድ እየለመነ ነበር የሚያርሰው። ፍልጡ ፊቴ ድረስ ይፈናጠራል። አልራቅኩም።

«ሁለት ዓመት» አለ እየፈለጠ። «ሁለት ዓመት ያን የክሊኒክ ሰውዬ ስፈልገው ነበር። አንድ ቀን በሩ ድረስ በመጥረቢያ ሄጃለሁ። ዘግቶ አገር ለቆ ነው እንጂ ዛሬ እስር ቤት ነበርኩ።»

«ይቅር በለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈርኩ።»

«እኔን?» መጥረቢያውን ጣለው። «እውነቱን ብትነግሪኝ ሁለተኛውንም በሬ እሸጥልሽ ነበር።»

አልፎኝ ቤት ገባና በሩን ዘጋው።

ሰኞ ጠዋት ጤና ኬላ ሄድኩ። ሲስተር አልማዝ ግንባሯ ተሰፍቶ ፕላስተር ተለጥፎበታል። አራት ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። አምስት ሰዓት ላይ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ሌሎችም መጡ፤ ቆሙ። ማንም ቀድሞ አይገባም። እኔም የምለው ሁሉ አልቆብኝ ነበር።

እዚህ ላይ ለእናንተ የምላችሁን ልበልና ልጨርስ። ከባል ጋር ተኝታችሁ የምትደሙ ከሆነ፣ ያለ ወቅቱ የምትደሙ ከሆነ፣ ሳያዩ መርፌ የሚወጓችሁን ትታችሁ «እዩኝ» በሉ። ባትደሙም ሠላሳ ዓመት የሞላችሁ ታዩ፤ ነጩ ትንሽ ሳለ ቢላ ሳያስፈልግ እዚያው ያክሙታል። ሴት ልጆቻችሁን ደግሞ ወንድ ከማወቃቸው በፊት አስከትቡ። መርፌው ማህፀን አይነካም፤ ማህፀን ያተርፋል። አፍራችሁ የምትዋሹት ውሸት የት እንደሚያርፍ አታውቁትም፤ የኔው እህቴ ላይ ሊያርፍ ነበር።

ዳዊት የመጣው እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነው። ምሕረት ከኋላው ናት። ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ሰዎች ዱላ ይዞ እንደሆነ እጁን አዩ፤ ባዶ ነው። ገባና ሲስተር አልማዝ ፊት ቆመ። እሷም ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስጠጋች።

«እጄን ሰንዝሬብሻለሁ» አላት። «ከፈለግሽ ምቺኝ።»

«ስመታህ ልዋል ወይስ ሥራዬን ልሥራ?» አለችው። «ብርሃኑን ጋርደኸኛል፤ ዞር በል።»

ዞር አለ። ምሕረት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። መርፌው ሲወጣ ዳዊት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ በሬ የሚያርድ ሰው ማየት አቃተው። ምሕረት ዓይኗን ጨፍና ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ሲስተር አልማዝ ጥጡን ስትጫንላት አንድ ዓይኗን ከፈተች።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ክንዷን አየችው። ደም እንኳ በደንብ አልወጣውም።

«ይቺ ብቻ ናት?» አለች ጮክ ብላ፤ እየተናደደች። «ይቺ ብቻ ናት?»

ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ሰሟት። አንዷ እናት የልጇን ትከሻ ገፋ አድርጋ አስገባቻት።